ከመርፌው በፊት ይፈተን፦ ስለ ወገብ መገጣጠሚያ ህመም ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በግምት ስለሚወጋ የወገብ መርፌ

ጤና ይስጥልኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በየሰው ቤት እየዞርኩ አዛውንት የምንከባከብ ሴት ነኝ። ሥራዬ ማንሣትና ማዞር ነው፤ ሰውን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ ቤት። በስምንተኛው ዓመት ወገቤ አልታዘዝም አለኝ። ስለ ወገብ ከማውቀው ግማሹን በራሴ ገላ ተማርኩት። ግማሹን ደግሞ ህመሙ እንቅልፍ ሲነሳኝ ሌሊት ሌሊት አነበብኩት።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን የታላቅ ወንድሜ ወገብ ነው። ጋሼ ነው የምለው፤ እዚህም እንደዚያው ልጥራው።

ጋሼ ከ30 ዓመት በላይ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ከባድ መኪና ነድቷል። የአፋርን ሙቀትና ያንን የሚያንገጫግጭ ወንበር ችሎ ኖረ። ወገቡ የያዘው ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ሲቀመጥ ነው። እንደማንኛችንም «ብርድ ነው» አለ። ወጌሻ አሸው። ዋግምት ተደረገለት። ጸበልም ሄደ። ከመርካቶ የወገብ ቀበቶ ገዛ። (በነገራችን ላይ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለከረመ የወገብ ህመም ቀበቶ አይመክርም። ይህን ስነግረው ጋሼ «ሱሪዬን ይይዝልኛል» አለኝ።)

ከዚያ ጎረቤቱ አንድ የግል ክሊኒክ ጠቆመው። ስሙን አልጠራም፤ ክሴ በአንድ ክሊኒክ ላይ አይደለም። ሐኪሙ ሸሚዙን አስወልቆ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። «እዚህ ነው?» «አዎ፣ እዚያው ነው።» ወጋው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። በራጅ የታየ ነገር የለም። ስኳር አለብዎት ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። ስኳር አለበት።

በማግስቱ ደወለልኝ። «እቴ፣ ጫማዬን ራሴ አሰርኩ!» ደስ አለኝ፤ ማን ደስ አይለው። ሦስት ሳምንት ቆየለትና ህመሙ ተመለሰ። ሄዶ ተወጋ። ተመለሰ። በሁለት ወር ተኩል ውስጥ ሦስት ጊዜ ተወጋ። በሦስተኛው ልጁ አብራው ስለነበረች የመድኃኒቱን ስም ጠይቃ ያዘች፤ ትሪያምሲኖሎን፣ ማለትም ስቴሮይድ የሚባለው እብጠት ቀናሽ መድኃኒት። በዚያው ሳምንት ውሃ አልበቃው አለ። ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ ለሽንት ይነሣል። ሰፈር ያለ ፋርማሲ ገብቶ ጣቱን ሲያስወጋ ስኳሩ ከ350 በላይ ሆኖ ተገኘ። ስቴሮይድ ስኳር እንደሚያወጣ ያልነገሩት፣ መጀመሪያውኑ ስኳር እንዳለበት ስላልጠየቁት ነው።

አሁን በዚያው ከተማ ሌላ ነገር መጥቷል። ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን እኔ ላይ ምን እንደተደረገ ልንገራችሁ። ጥያቄዬ የሚገባችሁ ከዚያ በኋላ ነው።

የአከርካሪ አጥንቶቻችን ከፊት በኩል በዲስክ፣ በመካከላቸው ባለ ትራስ መሰል ነገር፣ ይያያዛሉ። ከኋላ ደግሞ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች አሏቸው፤ ሐኪሞች ፋሴት ይሏቸዋል። የበር ማጠፊያ አስቡ። ጎንበስ ቀና ስንል፣ ዞር ስንል የሚሠሩት እነሱ ናቸው። እንደ ጉልበት ሁሉ ልም አጥንትና ሽፋን አላቸው፤ እንደ ጉልበትም ያረጃሉ፣ ያብጣሉ፣ ያማሉ። የወገቦቹ ሲያሙ ህመሙ ወደ መቀመጫና ወደ ጭን ይወርዳል፤ ከጉልበት በታች ግን አብዛኛውን ጊዜ አያልፍም። የአንገቶቹ ሲሆኑ ወደ ትከሻና ወደ ጭንቅላት ይወጣል። እኔን ጎንበስ ስል ይተወኛል። ቀና ብዬ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ላወርድ ስል ነው በቢላ የሚወጋኝ።

እኛ አገር የወገብ ህመም ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ዲስክ። «ዲስክ አለብኝ» ይላል ሰው፣ ዲስክ ሳይኖረው የተወለደ ሰው ያለ ይመስል። ይህ ግን የእኛ ጥፋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 ጎርምሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የእነዚህን መገጣጠሚያዎች ህመም ስም አውጥቶ ጻፈበት። በዓመቱ፣ በ1934፣ ሚክስተርና ባር የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች ዲስክ ወጥቶ ነርቭ እንደሚጫን አሳዩ። ዓለም ሁሉ ወደ ዲስክ ዞረ። መገጣጠሚያዎቹ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተረሱ። እኛ ጋ የደረሰው የዲስኩ ወሬ ነው።

«ኤምአርአይ ይነሣና ይታያል» ትሉኝ ይሆናል። አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የጥናቶች ስብስብ ምንም ህመም የሌላቸውን 3,110 ሰዎች ምስል ተመልክቷል። በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት 37 በመቶው ያረጀ ዲስክ ነበራቸው። በ80 ዓመት 96 በመቶ። ፋሴቶቹም እንደዚሁ፤ በ80 ዓመት 83 በመቶው አርጅተዋል። ልብ በሉ፣ እነዚህ አንድም ቦታ የማያማቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ጋሼን ነገ ኤምአርአይ ብታነሱት ያረጀ ነገር ታገኛላችሁ። የሚያመው እሱ ይሁን ሌላ ግን ፎቶው አይናገርም። በጣት መጫንም አይናገርም።

ታዲያ በምን ይታወቃል? በፈተና። ይህን ነው ጋሼ ያላገኘው።

ቀጠሮዬ የጠዋት ነበር። ሐኪሟ «ዛሬ የማደርግልሽ ሕክምና አይደለም፤ ወገብሽን ጥያቄ ልጠይቀው ነው» አለችኝ። በሆዴ አስተኙኝ። ከላዬ ሲ-አርም የሚሉት ቅስት ያለው ራጅ መጣ፤ በስክሪኑ ላይ አጥንቴ ይታያል፣ መርፌውም ሲገባ ይታያል። እያንዳንዱ ፋሴት ህመሙን የሚያስተላልፉለት ሁለት ቀጫጭን ነርቮች አሉት፤ አንዱ ከዚያው ደረጃ፣ ሌላው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ካለው። እግር ከሚያንቀሳቅሱት ትልልቅ ነርቮች የተለዩ ናቸው። በእያንዳንዳቸው አጠገብ ግማሽ ሚሊ ሊትር ማደንዘዣ ጠብ አደረገች። ስቴሮይድ የለም። ግማሽ ሚሊ ብቻ የሆነው በዝቶ ወደ ጎረቤት ከፈሰሰ ፈተናው ስለሚበላሽ ነው።

ከዚያ አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ሰዓትና ቁጥር፤ ከ0 እስከ 10። «ሄደሽ እንዳትተኚ» አለችኝ። «የሚያምሽን ሥራ ሥሪ።»

ቤት ገባሁና ቡና ቆላሁ። ሌላ ጊዜ ከዚያች ዝቅተኛ በርጩማ ለመነሣት የግድግዳ ያለህ ነው የምለው። አቦልን ስቀዳ ወረቀቱ ላይ 1 ጻፍኩ። ቶና ላይም 1። ተነሥቼ ከላይኛው መደርደሪያ ስኳር አወረድኩ፤ ቀና ብዬ፣ ያለ ጩኸት። ጎረቤቴ «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትፈነድቂው?» አለችኝ። በረካ ላይ 3 ሆነ። እራት ሳቀርብ 8።

ያን ቀን ማታ ህመሙ ሲመለስ አለቀስኩ። በኋላ ነው የገባኝ፤ መመለሱም መልስ ነው። ማደንዘዣው ሲሠራ ጠፋ፣ ሲያልቅ መጣ። እንግዲህ ህመሙ ከዚያው ነው ማለት ነው። የእኔ ኢንሹራንስ በአንድ ፈተና አላመነም። ሌላ ቀን ድጋሚ ተፈተንኩ፤ ሁለቱም ጊዜ ህመሙ 80 በመቶ መቀነስ ነበረበት። ሌሎች አገሮች 50 በመቶም ይበቃል የሚሉ፣ አንድ ጊዜም ይበቃል የሚሉ አሉ። ያም ሆነ ይህ ማንም ሳይፈተን ወደ ሚቀጥለው አይሄድም።

የሚቀጥለው ሰዉ «ነርቭ ማቃጠል» የሚለው ነው። ራዲዮ ፍሪኩዌንሲ ይባላል። ሌዘር አይደለም፤ ይህን አስምሩልኝ፣ ምክንያቱን በኋላ ታዩታላችሁ። እንደገና በሆዴ ተኛሁ። ጭኔ ላይ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ፕላስተር ተለጠፈ። ጫፉ ብቻ የሚሞቅ መርፌ ገባ። ከማቃጠላቸው በፊት ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። አንድ፣ «የምታውቂው ቦታ ላይ ይነዝርሻል?» አዎ፣ እዚያው የሚያመኝ ቦታ ላይ ንዝር አለ። ሁለት፣ ኤሌክትሪኩን ቀይረው «እግርሽ ዘለለ?» አልዘለለም፤ አከርካሪዬ ዳር ያለው ጡንቻ ብቻ እንደ ልብ ምት ትር ትር አለ። እግሬ ቢዘል ኖሮ መርፌው ትልቁ ነርቭ አጠገብ ነው ማለት ስለሆነ ያወጡት ነበር። ከዚያ 80 ዲግሪ፣ በየቦታው 90 ሰከንድ። አልቆ ተነሥቼ በእግሬ ሄድኩ። ልጄ ነድቶ ወሰደኝ።

ተአምር አልነበረም። ሁለት ሳምንት ጀርባዬ ፀሐይ እንዳቃጠለው ቆዳ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ህመሙ ለቀቀኝ። አሥር ወር ለቀቀኝ። ከዚያ ነርቩ ተመልሶ በቀለ፤ ይበቅላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ። ደገሙኝ። ሁለተኛው ሰባት ወር ነው የቆየው። በእነዚያ ወራት ፊዚዮቴራፒዬን በደንብ ሠራሁ፤ ዛሬ የምቆመው የበለጠ በእሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው የማነሣበትን መንገድም ቀየርኩ። መሥሪያ ቤቴ ማንሻ ማሽን የገዛው ግን ከእኔ በኋላ ሁለት ሴቶች ወገባቸው ከሄደ በኋላ ነው። ያ ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል።

«ስለዚህ ማሽኑን ግዙልን» ልል እንደሆነ ጠብቃችሁ ይሆናል። አልልም። ቢያንስ መጀመሪያ እሱን አልልም።

የዚህን ሕክምና ታሪክ ሳነብ ያስደነገጠኝ አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሪስ የተባለ በአውስትራሊያ የሚሠራ ሐኪም ረጅም ቢላ በቆዳ አስገብቶ የፋሴቶቹን ነርቭ እንደሚቆርጥ ጻፈ። አንድ ሺህ ታማሚ፣ ስኬቱ 99.8 በመቶ። ሰው ጎረፈ። ሌሎች ሐኪሞችም ቢላውን ትተው በራዲዮ ፍሪኩዌንሲ እዚያው ቦታ ላይ ያቃጥሉ ጀመር። በ1979 ቦግዱክ የተባለ አውስትራሊያዊ የአናቶሚ ሰው ከባልደረባው ጋር ሬሳ ላይ ነርቮቹን ተከትሎ ቢያይ፣ ሲቆረጥና ሲቃጠል በነበረው ቦታ ነርቭ የለም። ነርቩ ሌላ ቦታ ነው። ለዓመታት ሥጋ ነበር የተቃጠለው። 99.8 በመቶው ታዲያ ምን ነበር? እኔ እንጃ። የጋሼ ጫማ ማሰር ይመስለኛል።

ትክክለኛው ቦታ ከታወቀ በኋላም ክርክሩ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2017 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች 681 ሰዎች የተሳተፉባቸውን ሦስት ሙከራዎች አወጡ። ግማሹ ስፖርትና ራዲዮ ፍሪኩዌንሲ፣ ግማሹ ስፖርት ብቻ። ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ተቺዎቹ «ፈተናችሁ ላላ ያለ ነው፣ መርፌ አቀማመጣችሁም ልክ አይደለም» አሏቸው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ደግሞ ቢኤምጄ የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ የባለሙያዎች ቡድን ለከረመ የአከርካሪ ህመም እነዚህ መርፌዎችም ማቃጠሉም እንዳይሰጡ አጥብቆ መከረ። የህመም ሐኪሞች ማኅበራት ወዲያው ተቃወሙ። በሌላ በኩል የእንግሊዝ ብሔራዊ መመሪያ፣ ናይስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መሀል ላይ ቆሟል። ለወገብ ህመም የአከርካሪ መርፌ አትስጡ ይላል። ማቃጠሉን ግን ሌላው ሕክምና ሁሉ ተሞክሮ ላልሠራለት፣ ህመሙ ከ10 አምስትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ በማደንዘዣ ተፈትኖ ለተረጋገጠ ሰው ማሰብ ይቻላል ይላል።

እኔ የሠራልኝ ሰው ነኝ። አሥር ወር ቀላል አይደለም። ግን የእኔ አሥር ወር ለጋሼ ማስረጃ አይሆንም። ትልልቆቹ ሐኪሞች እርስ በርስ በሚሟገቱበት ነገር ላይ አንድ ጡረተኛ የኪሱን አራግፎ «ተአምር ነው» ተብሎ መወጋት የለበትም።

አደጋውም ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 እዚሁ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የተዘጋጀ ስቴሮይድ በፈንገስ ተበክሎ አከርካሪያቸውን ወይም ሌላ መገጣጠሚያቸውን ከተወጉት መካከል ከ750 በላይ ሰው ታመመ፤ ከ60 በላይ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አከርካሪ ውስጥ የሚሰጥ ስቴሮይድ አልፎ አልፎ ስትሮክ፣ ሽባነት፣ የዓይን መጥፋትና ሞት እንደሚያስከትል አስጠነቀቀ። ይህ ሁሉ የሆነው ራጅ፣ ኢንሹራንስና ጠበቃ በሞላበት አገር ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ተጨማሪ አለ። ኢትዮጵያ ቲቢ ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ቲቢ አከርካሪ ይበላል። ጥሬ ወተት በሚጠጣበት አገር ብሩሴሎሲስም ወገብ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱም መጀመሪያ ላይ «ወገቤን» ብቻ ነው የሚያስብሉት። እንዲህ ዓይነት ወገብ ላይ ስቴሮይድ በግምት ሲወጋ ህመሙ ለጥቂት ሳምንት ዝም ይላል። በሽታው ግን ዝም አይልም። ሰውነት የሚከላከልበትን ጉልበት መድኃኒቱ ራሱ ስለቀነሰው ደልቶት ይሠራል። ጋሼን ከመውጋታቸው በፊት ትኩሳት አለ ወይ፣ ሌሊት ያልብሃል ወይ፣ ከስተሃል ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ደግነቱ አልነበረበትም። ለሌላው ደግነቱ ላይኖር ይችላል።

እግረ መንገዴን ይህን ደብዳቤ ለሚያነብ ታማሚ ልናገር። ወገብዎን አሞት እግርዎ ከሰነፈ፣ ሽንት አልመጣ ካለ ወይም ካመለጠዎ፣ በመቀመጫዎ መካከል ቆዳዎ ከደነዘዘ፣ ክሊኒክ አይምረጡ። በዚያው ቀን ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። የምጠይቀው ሰማይ የሚያስነካ አይደለም።

አከርካሪ አጠገብ የሚገባ መርፌ በግምት እንዳይወጋ ከልክሉ። መርፌው የት እንደደረሰ በራጅ የማያይ ክሊኒክ አይውጋ። ሲ-አርም እንግዳ ዕቃ አይደለም፤ የአጥንት ሐኪሞች ስብራት ሲያስተካክሉ የሚጠቀሙበት ነው። ለፈተናው የሚያስፈልገው እሱ፣ ቀጭን መርፌ፣ ትንሽ ማደንዘዣና አንድ ወረቀት ነው። ውዱ የማቃጠያ ማሽኑ ነው፤ እሱ ይቆይ። አንዳንድ የሰመመን ሐኪሞችን በደንብ አሠልጥናችሁ በመንግሥት ሆስፒታል ፈተናውን ብታስጀምሩ እኮ ትልቁ ጥቅም ህመሙ ከዚያ ያልሆነውን ሰው መለየቱ ነው። ያ ሰው ገንዘቡም ወገቡም ይተርፍለታል። የተፈተነ ሁሉ ይቃጠል አላልኩም።

ሁለተኛ፣ ከመርፌው በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች በወረቀት ይኑሩ፤ ስኳር፣ የደም ማቅጠኛ፣ ቲቢ፣ ካንሰር፣ አለርጂ። አንድ ገጽ ነው። ታማሚው ሲወጣም ሌላ ገጽ ይያዝ። ምን መድኃኒት፣ ስንት፣ የት ቦታ እንደተወጋ፤ ለስንት ጊዜ ይቆያል ተብሎ እንደሚጠበቅ፤ ላይሠራም እንደሚችል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ሰዉ በሚያነበው ቋንቋ። ጋሼ ሦስት ጊዜ ተወግቶ እጁ ላይ ያለው የገንዘብ ደረሰኝ ብቻ ነው። ደረሰኙ «አገልግሎት» ይላል።

ፊዚዮቴራፒውንም አትርሱት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስት ያስመርቃል። ተመራቂዎቹ ግን ጤና ጣቢያ አካባቢ ለምን አይገኙም? ጋሼን በመጨረሻ ትንሽ ያስተነፈሰው አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ያለ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ነው። መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፎ፣ «አባባ፣ ጉልበትዎን ወደ ደረት፣ ቀስ» እያለ። እዚያ ለመድረስ ግን ጋሼ ሁለት ታክሲ ይቀያይራል። ታክሲው ደግሞ ወገቡን መልሶ ያፈርሰዋል። በሳምንት ሁለት ቀን የሠሩለትን በመንገድ ይጥለዋል።

በመጨረሻ ያ መጣ ያልኳችሁ ነገር። ባለፈው ወር ጋሼ ደወለ። ድምፁ እንደ ጫማው ቀን ነው። «እቴ፣ ያ ክሊኒክ አዲስ ማሽን አስገብቷል። ሌዘር ነው አሉ። ነርቩን አቃጥሎ ለሁልጊዜ ይገላግላል። አንቺ የተደረገልሽ ነው አይደል?» ምን ማለቴ እንደሆነ አሁን ይገባችኋል። ሌዘር አይደለም። ለሁልጊዜም አይደለም። «ጋሼ፣ ሦስት ነገር ጠይቃቸው» አልኩት። መጀመሪያ በማደንዘዣ ትፈትኑኛላችሁ? መርፌውን በራጅ ታዩታላችሁ? ነርቩ መልሶ ሲበቅል ምን ልሆን ነው?

ሄዶ ጠየቀ። ጋሼ ጥያቄ አይፈራም፤ በየኬላው ከስንቱ ፍተሻ ጋር የተሟገተ ሰው ነው። ማታ ደወለልኝ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ «አባባ፣ ይሄን ሁሉ ማን ነገረዎት?» ብላ ሳቀች አለኝ። ሐኪሙ ደግሞ «ፈተናው ራሱ ማሽኑ ነው» አለው። ቀጠሮ ሰጥተውታል። ቀብድ ከፍሏል። ከእኔ የተላከለት ብር ነው፤ ሳይነግረኝ።

ቀጠሮው በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ማክሰኞ ነው። «ቆይ» ብዬዋለሁ። «እስከ መቼ?» አለኝ። «የሚመለከተውን ክፍል ጠይቄ እነግርሃለሁ» አልኩት። የሚመለከተው ክፍል እናንተ ናችሁ።

ከሰላምታ ጋር
የጋሼ ታናሽ እህት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ወገቡን ለሚያመው ሁሉ